ለኢንተርቪው ልምምድ 120,000 ብር? ስለ ኦክስፎርድና ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው ኤ ሌቭል ነው። ለኦክስፎርድ ኢንጂነሪንግ ልታመለክት ነው፤ ከአሜሪካም ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች መርጣለች። ካዛንቺስ ያለ አንድ አማካሪ ቢሮ የኢንተርቪው ዝግጅት 10 ክፍለ ጊዜ በ120,000 ብር እሰጣለሁ፣ ግማሹን አሁን በመስከረም ክፈሉ ይለናል። ለንደን የሚኖር የአጎቷ ልጅ ደግሞ እኔ በነፃ አለማምዳታለሁ ብሏል፤ እሱ ግን የተማረው አካውንቲንግ ነው። ብሩን ብንከፍል ያዋጣናል ወይ?»

ምላሽ፦ ቀብዱን አሁን አይክፈሉ። ልጅዎ ከተጠራች በኋላ ግን ሒሳብና ፊዚክስ አጥርቶ ለሚያውቅ ሰው የአራት የአምስት ሰዓት ልምምድ ከፍለው ማሠራቱ ያዋጣል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ በጣም ይለያያሉ።

ከቁጥሩ ልጀምር። ለኦክስፎርድ የመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ከ23,000 በላይ ሰው ያመለክታል። ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው 10,000 ገደማ ነው፤ ያለው ቦታ ደግሞ 3,300 ገደማ። ለውጭ አገር አመልካች በሩ ከዚህም ይጠባል። ስለዚህ በመስከረም 60,000 ብር ሲያስይዙ፣ ከአመልካቹ ከግማሽ የሚበልጠው ለማይደርስበት ቀን ነው የሚከፍሉት። ማን እንደሚጠራ የሚወሰነው በማመልከቻው፣ በትምህርት ውጤቱ፣ በትምህርት ቤቱ ምስክርነትና በመግቢያ ፈተናው ነው፤ ኢንጂነሪንግ ደግሞ የመግቢያ ፈተና ካላቸው አንዱ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ትርፍ ገንዘብም ትርፍ ሰዓትም ካለ ለዚያ ፈተና ይዋል። ማመልከቻው የሚዘጋው ኦክቶበር 15 በእንግሊዝ ሰዓት 18፡00 ላይ ነው፤ በእኛ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 5 ከምሽቱ 2 ሰዓት። ጥሪው የሚመጣው ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ሲሆን ቃለ መጠይቁ በዲሴምበር፣ ማለትም በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። በጥሪውና በቀኑ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ለአምስት ልምምድ ግን ይበቃል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ለምን እንደማያስፈልግ እመለስበታለሁ።

የአሜሪካዎቹ ነገር ሌላ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ አመልካች የሚያነጋግሩት በአብዛኛው በቀድሞ ተማሪዎቻቸው በኩል ነው፤ ከሥራ መልስ በበጎ ፈቃድ ጊዜያቸውን የሚሰጡ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የባንክ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ በኢንተርኔት የሚያነጋግር ሰው ካልተገኘ ቃለ መጠይቁ ይቀራል፤ መቅረቱ ልጅቷን እንደማይጎዳት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ጠያቂው ማርኳንም ድርሰቷንም አያይም። ተጫውቶ ሲጨርስ አጠር ያለ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ ከሌላው ፋይል ጋር ይገባል። ክብደቱ ምን ያህል ነው? በ2018 ቦስተን ላይ በተሰማው የሃርቫርድ ክስ የወጡት መረጃዎች እንዳሳዩት፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ለአመልካቹ ሰብእና የሚሰጡት ነጥብና የቅበላ ቢሮው ራሱ የሚሰጠው ነጥብ የሚለያዩበት ጊዜ ነበር። ቢሮው የቀድሞ ተማሪውን ቃል ይሰማል፤ ውሳኔውን ግን ለእሱ አይሰጥም። ጨርሰው የተዉትም አሉ፦ ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ቃለ መጠይቅ ማድረግ አቁሟል፤ ብራውን ተማሪው ራሱ ቀርጾ በሚልከው አጭር ቪዲዮ ተክቶታል። ስለዚህ የመረጣችኋቸው ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያውኑ ቃለ መጠይቅ ያደርጉ እንደሆነ ገጻቸው ላይ ይዩ። ይህን ሳይነግርዎ 10 ክፍለ ጊዜ የሚሸጥ ቢሮ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው፤ የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

አንድ ነገር በመሃል ላንሳ። አንዳንድ ቢሮዎች «የኢንተርቪው ዝግጅት» ሲሉ የቪዛውን ማለታቸው ነው። እንጦጦ መንገድ አሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ላይ የሚደረገው ጥያቄና መልስ ልጅቷ ተቀባይነት አግኝታ አይ 20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚልከው ቅጽ) ከተላከላት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ትምህርቱን ማን ይከፍላል፣ ምን ልትማሪ ነው፣ ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ የሚል የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከቅበላው ጋር አይገናኝም። ውሉ ላይ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይግለጹልዎ።

አሁን ወደ ዋናው። ኦክስፎርድ ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ምሳሌ ላሳይ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለሒሳብ በናሙናነት ካወጣቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። መሰላል ግድግዳ ተደግፏል። መሃል ላይ ያለችው መርገጫ ለብቻዋ ቀለም ተቀብታለች። እግሩ እየተንሸራተተ መሰላሉ መሬት እስኪተኛ ድረስ፣ ከጎን ለሚያይ ሰው ያቺ የተቀባች መርገጫ የምትሄድበት መስመር ምን ዓይነት ቅርፅ አለው?

ብዙ ሰው ወደ ግድግዳው ጥግ የሰረጎደ መስመር ይታየዋል። ጥሩ ተማሪ «እንደዚያ ይመስለኛል፤ ግን ልሞክረው» ትላለች፤ እየተናገረችም ትሥላለች። መሰላሉ 5 ሜትር ነው እንበል። እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ ጫፉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ መሃሉ እንግዲህ ከግድግዳው 1.5 ሜትር፣ ከመሬት 2 ሜትር። ከጥጉ ያለው ርቀት በፓይታጎረስ ሲሰላ 2.25 ሲደመር 4፣ 6.25፤ ሥሩ 2.5። እግሩ 4 ሜትር ሲርቅስ? መሃሉ 2 እና 1.5 ላይ ነው፤ ርቀቱ አሁንም 2.5። መሰላሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም 2.5፣ ሲተኛም 2.5። ያን ጊዜ «ቆይ፣ ከጥጉ ያለው ርቀት አይቀየርም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሩብ ክብ ነው፤ መጀመሪያ ያልኩት ተሳስቷል» ትላለች። ጠያቂው የሚጠብቀው ይህችን ዐረፍተ ነገር ነው፤ የራሷን ግምት ራሷ ስትጥለው ማየት። ቀጥሎ እሱ ይገፋል፦ ቀለሟ መሃል ላይ ባትሆን፣ ከታች አንድ አምስተኛው ላይ ብትሆንስ? (ሞላላ ይሆናል፤ የኤሊፕስ ሩብ።) መድረስ ከቻለች ደረሰች፤ ካልቻለች ፍንጭ ይሰጣታል፤ ከዚያ የሚያየው ፍንጩን እንዴት እንደምትጠቀምበት ነው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ከቢሮው «የጥያቄ ባንክ» ሸምድዳ የሄደችውን ያስቡ። ጥያቄው እንዳለቀ «ሩብ ክብ» ትላለች። ጠያቂው «ለምን?» ይላታል፤ ወይም ቀጥ ብሎ ወደ ሞላላው ይሄዳል። በሃያ ሰከንድ ውስጥ መሸምደዷ ይታወቃል፤ ከማታውቀው ጋር ስትታገል የምታሳየው ነገርም አይኖራትም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ማለት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ የኢንተርቪው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» የሚለው እሽግ ከሁሉም ዋጋ ያነሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ግን እሱ ነው።

ታዲያ ልምምድ ጨርሶ አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ በተለይ ለእኛ ልጆች፣ በተለይም በአንድ ነገር። ክፍል ውስጥ ያሳደግናቸው አስተማሪ እየተናገረ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ፣ ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ፣ እርግጠኛ ካልሆኑ እጃቸውን እንዳያነሱ ነው። ዝም አይነቅዝም እንላለን። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ልጅቷ በልቧ በትክክል እየሠራች 40 ሰከንድ ዝም ብትል ጠያቂው የሚያየው ባዶ ወረቀት ነው። ጠያቂው ሲሳሳት (ሆን ብሎ ሊሳሳት ይችላል) በይሉኝታ «እሺ» ብላ ብታልፍ፣ አልገባትም ወይም ጎብጣ ትቀበላለች ተብሎ ይያዛል። በአማርኛ አስባ በእንግሊዝኛ መመለሷ ምንም አይደለም፤ አነጋገሯ አይመዘንም፤ «ትንሽ ላስብ» ብላ ማሰቢያ ጊዜ መውሰድም ይፈቀዳል። መልመድ ያለባት ሐሳቡ ገና ሳይበስል አፍ አውጥታ ማሰብን ነው፤ ይህ ደግሞ በማንበብ አይመጣም። ከሰው ፊት ተቀምጦ፣ ተቋርጦ፣ ተከራክሮ ነው የሚለመደው። ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ካለ እሱ ነው።

ለማን ይከፈል ለሚለው፣ ቢሮ መፈለግ አያስፈልግም። 5 ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር፣ ወይም 4 ኪሎ ፊዚክስና ሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሠራ ሰው በሰዓት ተስማምተው ይያዙ። አንድ ችግር ግን አለው፤ መምህር መምህር ነውና ማስተማር ይጀምራል። ሰሌዳውን ይዞ 20 ደቂቃ ሙሉ እሱ ከተናገረ ገንዘብዎ ፈሰሰ። ስለዚህ አስቀድመው እንዲህ ይበሉት፦ መልስ አይስጧት፤ በየመሃሉ «ለምን?» እያሉ ያቋርጧት፤ ከተጣበቀች አንዲት ፍንጭ ብቻ፤ አንዴ ደግሞ ሆን ብለው ይሳሳቱ። አንድ ልምምድ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ 25 ደቂቃ የተቀረጸውን አብሮ መስማት። ጥያቄው እሷ አይታው የማታውቀው መሆን አለበት፤ ከሁለት ያልበለጠ። ሲሰሙ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ከ15 ሰከንድ በላይ ዝም ያለችበት ቦታና «አላውቅም» ብላ ቀጣይ እርምጃ ሳትጨምር ያቆመችበት ቦታ። ደቂቃውን በወረቀት ይጻፉት፤ በሦስተኛው ልምምድ ቁጥሩ ካልቀነሰ ሰውየውን መቀየር ነው።

ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ አያሠሯት። መጀመሪያ ላይ ለውጡ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ መልሶቿ መድረቅ ይጀምራሉ። ተመሳሳይ ቀልድ፣ ተመሳሳይ መግቢያ፣ ፈገግታዋ ሳይቀር በሰዓቱ። በዓመት በርካታ አመልካች የሚያነጋግር ሰው ይህን ከበር ይለየዋል። ቢሮዎቹ 10 እና 20 ክፍለ ጊዜ የሚሸጡት ተማሪው ያን ያህል ስለሚያስፈልገው አይደለም።

ነፃ የሆነውን ሳይጠቀሙ ምንም አይግዙ። ኦክስፎርድ በየትምህርት ዓይነቱ የናሙና ጥያቄዎችንና ከመምህራኑ ጋር የተቀረጹ ሙሉ የማሳያ ቃለ መጠይቆችን በገጹና በዩትዩብ ያወጣል፤ ካምብሪጅም እንዲሁ። (ለሁለቱ በአንድ ዓመት ማመልከት አይቻልም፤ ቪዲዮዎቻቸውን ማየት ግን ይቻላል።) ልጅዎ ቪዲዮውን ስታይ ጠያቂው ጥያቄውን እንደጨረሰ አቁማ፣ ራሷ ጮክ ብላ መልሳ፣ ከዚያ ታስቀጥለው። ለአሜሪካው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የኤምባሲው የምክር አገልግሎት ክፍያ የለውም። ቤት ውስጥ ጸጥታ ከሌለ 4 ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት አለ፤ ለማንበብና ቪዲዮ ለማየት ይሆናል፤ ጮክ ብሎ ለመለማመድ ግን አይሆንም፣ ያስወጧታል።

ለአሜሪካው ጠያቂ የሚያስፈልገው ዝግጅት ሌላ ዓይነት ነው። ፈተና አይሰጣትም፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያወራታል። ስለራስሽ ንገሪኝ፣ ለምን እዚያ ልትማሪ ፈለግሽ፣ ከትምህርት ውጭ ምን ታደርጊያለሽ፣ ምን ልትጠይቂኝ ትፈልጊያለሽ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጥቅል ቃል ነው። «ታታሪ ነኝ፣ ለቴክኖሎጂ ፍቅር አለኝ፣ ማኅበረሰቤን መርዳት እፈልጋለሁ» ካለች ሰውየው ማታ ሪፖርቱን ሲጽፍ እጁ ላይ ምንም የለም። ልዩነቱን ይዩ፦ «እኛ ሠፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ በስድስት ቀን አንዴ ይመጣል። ሮቷችን 2,000 ሊትር ይይዛል፤ አምስት ሰዎች ነን፤ ለሁለት ሳምንት ስመዘግበው በቀን 400 ሊትር እንደምንጠቀም አየሁ። አምስት ቀን ነው የሚበቃን፤ ስድስተኛው ቀን ሁልጊዜ የሚያልቀው ለዚህ ነበር። የልብስ ማጠቢያውን ውኃ ለሽንት ቤት ማዋል ስንጀምር ደረስን።» ይህን ጠያቂው ቃል በቃል ይጽፈዋል፤ መልሶ የሚጠይቃትም ብዙ ነገር ያገኛል። እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ ሞልቷል፤ ልጆቻችን ግን «ይሄማ ተራ ነው» ብለው ይተዉታል፣ ከቢሮው የተሰጣቸውን ያማረ ዐረፍተ ነገር ይዘው ይሄዳሉ። ልጅዎ የሆነውን ብቻ ታውራ፤ ሮቶ ከሌላችሁ የሮቶውን አታውራ።

ግብዣው የሚመጣው በኢሜይል ነው፤ አንዳንዴ ከጠያቂው የግል አድራሻ ስለሆነ ስፓም ውስጥ ይገባል። ከማመልከቻው በኋላ በየቀኑ ስፓሙን ትይ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ትመልስ። ቦታው ካፌ ወይም የሆቴል ሎቢ፣ ሰው የሚገባበት ይሁን። እርስዎ አድርሰዋት ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ አጠገቧ አይሁኑ። ስጦታ አይያዝ። ለቃለ መጠይቁ ክፍያ የሚጠይቅ «የቀድሞ ተማሪ» ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለዚህ ገንዘብ አያስከፍሉም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእኛ ከተማ ቃለ መጠይቅ የሚያበላሸው ሰዓትና መብራት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ቢሮ ሲያስተምር አላየሁም። የኦክስፎርድ ቃለ መጠይቅ ከ2020 ጀምሮ በኢንተርኔት ነው፤ ማይክሮሶፍት ቲምስ ላይ። ደብዳቤው «10፡30» ካለ በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እኛ ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር 13፡30፣ በእኛ ከቀኑ 7፡30። በታኅሣሥ ለንደን የሚያዩትን ሰዓት ወደ እኛ ለመቀየር 3 ይቀንሱ፤ የቦስተንን ወይም የኒውዮርክን ለመቀየር 2 ይጨምሩ። በቦስተን ከሰዓት በኋላ 3፡00 (በፈረንጅ አቆጣጠር 15፡00) እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ስልኳ በአማርኛ ሰዓት የምትጠቀም ልጅ «10፡30»ን እንዳለ ይዛ ከመጣች የምትደርሰው ሦስት ሰዓት አርፍዳ ነው። በበጋቸው ወራት ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ስለሚለወጥ ይህ ደንብ ለክረምታቸው ብቻ ነው።

ቀኑ ደግሞ በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው። በጾም ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ ነው፤ የለንደን 9፡00 ማለት ልክ የእኛ 6 ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 3 በዓታ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 12 መሆኗ ነው። 4 ኪሎ ዙሪያ የሚኖር ሰው ያን ቀን ድምፅ ማጉያው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ቤታችሁ ደብር አጠገብ ከሆነ ለዚያ ቀን ሌላ ቤት ይፈለግ፤ የግንባታ ጄነሬተር አጠገብም ከሆነ እንዲሁ።

ለሒሳብ ነክ ትምህርቶች በስክሪን ላይ በብዕር የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ይጠቀማሉ፤ ሚሮ ይባላል። ስለዚህ ብዕር ያለው ታብሌት ያስፈልጋል፤ መግዛት ግድ አይደለም፣ ለሁለት ሳምንት መዋስ ይበቃል። ግን ከልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በዚያ ላይ ትጻፍ፤ በማውስ ሩብ ክብ ስትሥል ያለቀባት ደቂቃ አይመለስም። ራውተሩን ለብቻው ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት። ራውተር ብቻ ከሆነ መብራት ቢሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከተጨመረበት በደቂቃዎች ያልቃል። ላፕቶፑ ቻርጁ ሞልቶ ይቀመጥ። መብራት ሲሄድ የሠፈሩ የኢንተርኔት መሣሪያም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል፣ የቤቱ መስመር ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ስልኳ ላይ የሳፋሪኮም ሲም ከ3 ጊጋባይት ጥቅል ጋር ይኑር፤ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ቃለ መጠይቁን የሚያደርግላት የኦክስፎርድ ኮሌጅ የሚሰጠውን የአደጋ ጊዜ ስልክና ኢሜይል በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ታኑር። መስመሩ ቢቋረጥ ወዲያው ታሳውቅ እንጂ አታልቅስ፤ ይህ ይደርሳል፣ እነሱም ያውቁታል።

ይህን ሁሉ አይተውም ቢሮውን ከመረጡ፣ ከመፈረምዎ በፊት የሚያለማምዳትን ሰው ራሱን ያግኙት። «ባለሙያችን» አይበቃም። የተማረው ምንድን ነው? መሰላሉን ጥያቄ ይስጡትና ሲሠራው ይዩ፤ ሊያፍር አይገባም። ካልተጠራች ብሩ ይመለሳል ወይ? ይህ በጽሑፍ ይሁን፤ ደረሰኝም ይቁረጡልዎ። «ዋስትና እንሰጣለን» ካሉ ወይም ውስጥ ሰው አለን ካሉ ተነሥተው ይውጡ፤ ማንም ዋስትና መስጠት አይችልም። እንዲሁም በዚያው እሽግ ድርሰቷን እንጽፍላታለን ካሉ አይቀበሉ። የእንግሊዝ ማመልከቻዎችን የሚቀበለው ዩካስ የተማሪዎችን የግል መግለጫ ከሌሎች ጋር የሚያመሳክር ሥርዓት አለው፤ ተመሳሳይነት ሲያገኝ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ያሳውቃል። አንዱን ድርሰት ለአምስት ልጅ የሚሸጥ ቢሮ አምስቱንም ነው ይዞ የሚሄደው።

ብዙ መክፈል የሚያዋጣበት ሁኔታ አንድ አውቃለሁ፤ የእንግሊዝ ሕክምና። ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያዞሩ በየጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ይጠይቁታል፤ አንዱ ጋ የሥነ ምግባር ጥያቄ፣ ሌላው ጋ የተናደደ በሽተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው። አካሄዱ ራሱ እንግዳ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉውን ዙር መለማመድ ለውጥ ያመጣል። የእርስዎ ልጅ ግን ኢንጂነሪንግ ነው የመረጠችው።

የአጎቷን ልጅ እምቢ አይበሉት። ለኦክስፎርዱ ጥያቄ እሱ አይሆንም፤ መሰላሉ መሃል ላይ ሲደርስ «ለምን» ብሎ ሊያፋጥጣት አይችልም። ለአሜሪካው ግን ከማንም ይሻላል፤ የማያውቃትን ያህል ሆኖ 40 ደቂቃ ያውራት፤ ሲጨርስ ስለ እሷ የሚያስታውሰውን አምስት ነገር ይጻፍ። ከአምስቱ ሦስቱ «ጎበዝ ናት» ዓይነት ከሆኑ እንደገና። ሌላም ሥራ ይስጡት፦ ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ሳምንት፣ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሰዓት፣ በእሱ የለንደን ሰዓት ቲምስ ላይ ይደውልላት። እሷም ያን ቀን በምትቀመጥበት ክፍል፣ በዚያው ታብሌት፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅላ በባትሪው ብቻ ትጠብቀው።